የማላጣጥመውን ወይን ይዤ ቡሬ ድረስ

ማክሰኞ ማለዳ ከጉደር ስነሳ ጎረቤቶቼ መንገድ ዳር ቆመው መረቁኝ። ምርቃቱ ረዘመብኝ። «በሰላም ግቡ» ብሎ የጀመረው ምርቃት ቀስ በቀስ ወደ አብርሃም እቅፍ ሲጠጋ፣ «ኧረ ጎበዝ፣ ቡሬ ነው የምሄደው!» ብዬ አቋረጥኳቸው። አልፈርድባቸውም። ሰባን የዘለለ ሽማግሌ፣ ገበሬውና መንግሥት በግብር ተጣልተው ሰው ወደሞተበት አገር በርሜል ወይን ጭኖ ሲሄድ ያየ ሰው፣ ከምርቃትና ከፍታት የቱ እንደሚቀድም ግራ ቢገባው አይገርምም። ይህን የምጽፈው ለእነሱ ነው። ጎጃምን አያዩትም፤ ከአምቦ ገበያ ወዲያ ያለው ሁሉ ለእነሱ የተረት አገር ነው።

የሄድኩት ለተዝካር ነው። ቡሬ ላይ ሆቴል የነበረው ወዳጄ ዓለሙ በሐምሌ ሞተ። ከጎጃም ሰው ወይኔን መጀመሪያ የገዛኝ እሱ ነው። ጠጅና አረቄ በሞላበት ከተማ የወይን ጠርሙስ መደርደሪያ ላይ አቁሞ፣ መጥቶ የሚስቅበትን ሁሉ እያስቀመሰ ደንበኛ አድርጎልኛል። ታሞ እንደተኛ «ተዝካሬ በጋሽ ወልዴ ወይን ይውጣ» ብሎ ተናዘዘ። ክረምቱ ሁከት ስለነበር አርባው ሳይደገስ አለፈ። ኋላ ሚስቱ ወይዘሮ ጥሩወርቅ፣ የጽጌ ጾም ተፈትቶ የነቢያት ጾም ሳይገባ ባለችው እሑድ ይደገሳልና ይምጡ ብላ ላከችብኝ።

አሁን አንድ ነገር ልንገራችሁ፤ የምትስቁ ሳቁ። አፍንጫ የለኝም። ማለቴ አለኝ፤ ፊቴ መካከል ተተክሎ ከእኔ ቀድሞ በር ይገባል። ከመነጽር መስቀያነት በቀር ግን አገልግሎት አይሰጥም። ከብዙ ዓመት በፊት አንድ ክፉ ጉንፋን ያዘኝና ሲለቀኝ ማሽተቴንም ማጣጣሜንም ይዞ ሄደ። ሚጥሚጣ ያቃጥለኛል፤ የቀረው ሁሉ ለእኔ ሙቅ ውሃ ነው። አፍንጫ የሌለው ወይን ጠማቂ ማለት ዐይን የሌለው ዘበኛ ማለት ነው።

ይህን የሚያውቀው አንድ ሰው ብቻ ይመስለኝ ነበር፤ ሚስቴ ብርቄ። እሷ ትቀምሳለች፣ እኔ ጢሜን እየዳበስኩ እናገራለሁ። «ይህ በርሜል ይገልበጥ፣ ያኛው ይቆይ» ብዬ ስፎክር ሰው ጠቢብ ይለኛል። ብርቄ ከኋላዬ ቆማ ኮቴን ትጎትታለች። አንዴ ከጎተተች ደርሷል ማለት ነው፤ ደጋግማ ከጎተተች አፍህን ዝጋ ማለት ነው። ካለፈው ፋሲካ በኋላ ብርቄ ሞተች። ለዓለሙ ተዝካር የጫንኩት ወይን፣ ኮቴን የሚጎትት ሳይኖር የተጠመቀ የመጀመሪያው ወይን ነው።

ደግ ይሁን ክፉ አላውቅም። ጎረቤቶቼን አስቀመስኩ፤ በነጻ የጠጣ ጎረቤት መቼ ይነቅፋል? ስለዚህ በመንገዴ ያሉትን ደንበኞቼን እያስቀመስኩ፣ ፊታቸውን እያነበብኩ ልሄድ ወሰንኩ። ተበላሽቶ ከሆነ ቡሬ ሳልገባ ማወቅ አለብኝ፤ ከመንገድ ጠጅ ገዝቼም ቢሆን እተካለሁ። የባሏ ተዝካር መጠጥ የተበላሸባት ሴት በዚያ አገር እስከ ልጅ ልጇ ትነሳለች።

ሾፌሩ ተካልኝ ይባላል። በጭነት መኪናው ጨውና አቡጀዲ ወደ ፍኖተ ሰላምና ወደ ቡሬ ያመላልሳል። ለገብርኤል ተስሎ መጠጥ ካቆመ ቆይቷል፤ ለቀማሽነት አይሆንም። የዕለቱን አዳራችንን አዲስ አበባ አደረግን። ስለ እሷ የሚጽፍ አላጣችምና ልለፋት።

ረቡዕ ከጎሐ ጽዮን ቁልቁል ወደ ዓባይ በረሃ ወረድን። እኛ «ፏፏቴ አለን» እያልን የምንኩራራበትን የጉደርን ወንዝ እዚህ ገደል አፍ ላይ ቆማችሁ ብታስቡት ሕፃን የሸናው ይመስላችኋል። ተራራው ከላይ አረንጓዴ፣ ወገቡ ላይ ቀይ፣ ታች ግራጫ ነው። ውበቱን ለማድነቅ ግን ዐይን መክፈት ያስፈልጋል፤ እኔ ደግሞ ከመጀመሪያው ጠመዝማዛ ጀምሮ ጨፍኛለሁ። ተካልኝ በዝቅተኛ ማርሽ እየጎተተ፣ እዚሁ ገደል ስለገባ መኪና ያጫውተኛል።

«ከዚያች ዛፍ ዝቅ ብሎ ጎማው ይታያል ጋሼ፤ አዩት?»

«አንተ ተካልኝ፣ ዐይንህን መንገዱ ላይ አድርግልኝ።»

«እርስዎን ምን ያሰጋዎታል? ኖሩ እኮ!»

«እኔስ ኖርኩ፤ በርሜሉ ነው ገና ያልተጠጣው።»

ድልድዩን ተሻግረን ደጀን ላይ ሽሮ በላን፤ ማታ ደብረ ማርቆስ አደርን። በእኛ አገር ትኋን ሰው እስኪተኛ ይታገሳል። የዚህኛው አልጋ ትኋን ገና ጫማዬን ሳላወልቅ ተቀበለኝ። ስታከክ የሰማችው የቤቱ እመቤት መብራት ይዛ መጥታ፣ «በስመአብ! ሽማግሌ ይበሉብኛል?» ብላ ከአልጋው አስነስታ ራሷ በምትተኛበት መደብ ላይ ቁርበት አነጠፈችልኝ። እሷ የት እንዳደረች እንጃ። ጠዋት ብጠይቃት «የእንግዳ ነገር ምን ይጠየቃል» ብላ ዘጋችኝ።

ሐሙስ ረፋድ ላይ ደምበጫ ገባን። ከተማዋ በመንገዱ ግራና ቀኝ የተዘረጋች ናት፤ አውቶቡስ ሲቆም ትነቃለች፣ ሲሄድ ታንቀላፋለች። የአረቄ አገር ናት። እዚህ ወይን ይዞ መምጣት ለአምቦ ሰው ጠበል ጭኖ ወስዶ «ግዛኝ» እንደማለት ነው። የሆነ ሆኖ ምግብ ቤት ያለው አቶ ፈንቴ ደንበኛዬ ነው። ወፍራምና ሳቂታ ሰው ነው፤ ሲያየኝ ጉልበቴን ሊስም ጎነበሰ። ስለ ብርቄ ተላቅሰን ስናበቃ ከዚያው ወይን የሞላሁትን ጠርሙስ ከፈትኩለት።

«በሞቴ ፈንቴ፣ እውነቱን ንገረኝ።»

«ምን ሲሉ ጋሼ! እርስዎ ጠምቀው እኔ ዳኛ ልሁን?»

«ሁን። ዛሬ ዳኛ ነህ።»

ብርጭቆውን ተቀበለ። ዐይኔን ፊቱ ላይ ተከልኩ። እሱ ግን ጋቢውን ወደ ላይ ስቦ፣ ራሱን ከነብርጭቆው ሸፍኖ ጋቢው ውስጥ ጠጣ። እዚያ አገር የወግ ሰው ሲጠጣ ይሸፈናል፤ የሰው ዐይን እንዳያገኘው ነው። ስንት ዓመት ተመላልሼ ስንቴ ያየሁትን ነገር ረስቼ፣ ፊት አነባለሁ ብዬ ከጉደር ድረስ መምጣቴ! ከጋቢው ውስጥ ለረጅም ጊዜ ድምፅ አልወጣም። ሲገለጥ ፈገግታው ተስተካክሎ ወጣ።

«ሸጋ ነው» አለ።

«ሸጋ ስትል?»

«ሸጋ ነዋ ጋሼ።»

«ሽታውስ?»

«ሽታውማ… አለው።»

«ምን ዓይነት?»

«የወይን ነዋ፣ የምን ይሁን?» አለና ወደ ጓዳ ተጣራ። «ኧረ እናንተ ሰዎች፣ ለጋሼ ምሳ አቅርቡ!»

የበግ ቅቅል መጣ። ሰው ሁሉ ጣዕሙን አመሰገነ፤ እኔ ሙቀቱን አመሰገንኩ። ፈንቴ እንደ ወትሮው ጠርሙሶች ወሰደ፤ ስንነሳም የስንቅ ዳቦ በጨርቅ ቋጥሮ መኪናው ድረስ ተሸክሞ ሸኘኝ። እኛ ጉደር እንግዳን ከበር እንሸኛለን። እዚህ መኪናው ተነስቶም ሰውየው በመስኮቱ ጎን እየሮጠ «አፈር ስሆን ሲመለሱ ይግቡ!» ይላል። እንዲህ ካለ ደግ ሰው እውነት መጠበቅ ከበሬ ወተት መጠበቅ ነው።

ጅጋ ሳንደርስ ጎማ ፈነዳ። ዙሪያው ኑግ ነው፤ አበባው ሜዳውን ቢጫ አልብሶታል፤ ከወዲያ ጤፍ ይታጨዳል። በእኛ አገር መኪና ሲቆም ሰው ሁሉ ሊያይ ይሮጣል። እዚህ ግን አጫጆቹ ቀና ብለው አዩንና ማጭዳቸውን እንደያዙ ቀስ ብለው መጡ። ከፊት አያ ምትኩ የሚሏቸው ሽበታም አሮጌ ጠመንጃ በትከሻቸው አንግተው ይመራሉ። ተካልኝ ጎማውን ለመፍታት ዕቃ ሲያወርድ፣ በርሜሉ ውስጥ ስንት እንደቀረ የማይበት ረጅም ዘንግ አብሮ ወረደ። ጭረት ጭረት አለበት። አንዱ ጎልማሳ አነሳውና አገላበጠው።

«ይኼ ምንድን ነው?»

«መለኪያዬ ነው» አልኩ፣ እንደ ሞኝ።

እርስ በርስ ተያዩ።

«አላልኳችሁም? ለግብር መሬት ለኪ ነው» አለ ጎልማሳው።

«ኧረ በማርያም! እኔ የራሴን ቁመት እንኳ ለክቼ አላውቅም። የወይን በርሜል መለኪያ ነው!»

«ባለፈው የመጡትም ሽማግሌ ልከው ነበር፤ ሽማግሌ አይጠረጠርም ብለው» አለ ሌላው።

አያ ምትኩ እጃቸውን አነሱና ወደ እኔ ዞሩ። «ወንድሜ፣ በርሜል ካለ ይከፈታል። ወይን ከሆነም ቀምሰው ያቀምሱናል።»

ተከፈተ። ዘንጉን ነክሬ አሳየሁ፤ ቀይ ሆኖ ወጣ። በቅል ቀዳሁና ፊታቸው ጠጣሁ። ሙቅ ውሃ። መርዝም ቢሆን በዚያው ኩራት ነበር የምጠጣው። አያ ምትኩ ቅሉን ተቀብለው በኩታቸው ተሸፈኑ። እኔ ከኩታው ውጭ ነፍሴን ይዤ ቆምኩ። ሲገለጡ ዐይናቸው እንባ አቅርሯል።

«ሸጋ ነው» አሉ። ቅሉን ግን ለሌላ ሰው አላሳለፉም፤ የቀረውን ቀስ አድርገው መሬት ላይ ደፉት። «ለሞቱት» አሉ። እኔም አመንኩ።

ከዚያ ወዲያ ማጭዳቸውን ጥለው መኪናውን በጉልበት አንስተው ጎማውን አስቀየሩልን። መሬት ለኪ ያለኝ ጎልማሳ የባቄላ እሸት በክንዱ ታቅፎ አምጥቶ ጭኔ ላይ አራገፈው። አያ ምትኩ ከኮረብታው ሥር ወደጠቆረ የቤት ፍርስራሽ በአገጫቸው አመለከቱኝ።

«የታናሽ ወንድሜ ቤት ነው። እሱም የለም። እንግዳ መንገድ ላይ አቁመን ጓዝ የምንፈትሽ ሰዎች አልነበርንም፤ ይወቁልን። አሁን የሰው ኮቴ ስንሰማ እንፈራለን።»

«እግዜር ያጽናችሁ» አልኩ።

የፍኖተ ሰላም ስም ትርጉሙ የሰላም መንገድ ነው። ያን ማታ ግን በየሆቴሉ በር ጠመንጃ የያዘ ፖሊስ ቆሞ ነበር። ተካልኝ ጨው የሚያራግፍበት ስለነበረው ዓርብን እዚያው ዋልን። ሆቴሉ የአቶ ጌታሁን ነው፤ ቀጭንና ቁጥብ ሰው፣ ወሬ ሲያወራም ምስክርነት የሚሰጥ ይመስላል። ድሮ አዳራሹ ገበያ በመጡ ባላገሮች ይሞላ ነበር። አሁን ፖሊሶቹ ስለሚያዘወትሩት ባላገር ድርሽ አይልም፤ ባላገር ስለማይመጣም ቤቱ እንደ ለቅሶ ቤት ጸጥ ብሏል። አንድ መቶ አለቃ ወይኔን ቀምሶ «ጥሩ ነው፣ ድገመኝ» አለኝ። ልቤ ሊዘል ሲል ጌታሁን በጆሮዬ፣ «ከጠዋት ጀምሮ አረቄ ላይ ነው፤ ነጭ ጋዝ ቢያቀርቡለትም ይደግማል» አለኝ።

«እሺ፣ አንተ ንገረኝ።»

ጠጣ። እሱ ስስ ነጠላ ነበር የለበሰው፤ ከጨርቁ በስተጀርባ ፊቱ ሲጨማደድ ያየሁ መሰለኝ። መሰለኝ እንጂ እርግጠኛ አልነበርኩም፤ የሽማግሌ ዐይን ነው።

«ከአምናው ለየት ይላል» አለ።

«በደግ ነው በክፉ?»

«ለየት ማለት ደግ ነው ጋሼ። ሰውም ዓመትም ለየት ካላለ ምን ዋጋ አለው?»

«ጌታሁን! ተዝካር ላይ ልታቀርበው ብትሆን ታቀርበዋለህ?»

ነጠላውን አስተካከለ። «ዓለሙ ወዳጄ ነበር» አለና ተነስቶ ሄደ። ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም። ጠጅ ልግዛ ብዬ ተነሳሁ፤ ደግሞ «ሸጋ ነው ብለውሃል፣ የሟች ኑዛዜ ልታፈርስ ነው?» ብዬ ተቀመጥኩ። ብርቄ ብትኖር ኮቴ እስኪቀደድ ትጎትተኝ ነበር።

ቅዳሜ ቡሬ ገባን። ከዓለሙ ሆቴል ደጃፍ ዳሱ ቆሟል። ገና ከመኪናው ስወርድ ሴቶቹ አዩኝና ለቅሶው እንደ አዲስ ተነሳ፤ ቀብሩ ላይ አልነበርኩምና ለቅሶ መድረስ አለብኝ። ጥሩወርቅ ጥቁሯን እንደለበሰች መጥታ አንገቴ ላይ ተጠመጠመች። እሷ «እትዬ ብርቄን! እትዬ ብርቄን!» ትላለች፣ እኔ «ዓለሙን!» እላለሁ። ለሁለት ሰው በአንድ ጊዜ አለቀስን። ጉደር ላይ ብርቄ ስትሞት እንደዚያ አላለቀስኩም፤ ጎረቤት ሁሉ «በቃዎት፣ ወንድ ልጅ» ይለኝ ነበር። እዚህ በቃህ ያለኝ የለም።

እግሬን ታጠብኩ፣ እህል ቀመስኩ። ከዚያ በርሜሉ ወደ ጓዳው ተንከባለለ። ጥሩወርቅ ጓዳ ያሉትን ሴቶች ሁሉ አስወጣችና እኔና እሷ ብቻ ቀረን። በማንቆርቆሪያ ቀዳች። አሳላፊ ለእንግዳ ከመቅዳቷ በፊት ከመጠጡ መዳፏ ላይ ጠብ አድርጋ ትቀምሳለች፤ መጠጡ ንጹሕ ለመሆኑ ዋስትና ነው። እንደ ወጉ መዳፏ ላይ ጠብ አደረገች። ወደ አፏ አስጠጋችው። ነጠላ የለ፣ ጋቢ የለ፤ ፊቷ ፊቴ ነው።

አልቀመሰችውም። እጇን አራገፈችና በውሃ ታጠበች፤ ቆይታም ደግማ ታጠበች።

«ይቀመጡ ጋሼ።»

ተቀመጥኩ።

«ሸትቷል። እርጥብ ቆዳ እርጥብ ቆዳ ይላል። ይኼንን ለዓለሙ ነፍስ አላቀርብም።»

ከጉደር እስከ ቡሬ ስንት ሰው የለመንኩት ነገር ይኸው ተነገረኝ። ሲነገረኝ ደግሞ ጥርስ እንደተነቀለለት ሰው ሆንኩ፤ ያመኛል፣ ግን ወጣልኝ።

«አንቺ እንዴት ደፈርሽ?» አልኳት። «ይህን ሁሉ አገር ሳቋርጥ የደፈረ የለም።»

«ባሌን ቀብሬያለሁ፤ ከዚህ በኋላ ማንን ልፈር? እርስዎንም ስለምወድዎት ነው ሴቶቹን ያስወጣሁ።»

«ተዝካሩስ? ነገ ነው እኮ! አሁኑኑ ጠጅ ልፈልግ…»

እጄን ያዘችኝ። መጋረጃውን ገለጥ አደረገች። ከኋላው አፋቸው የታሰረ ጋኖች ተደርድረዋል።

«እትዬ ብርቄ ማረፋቸውን የሰማሁ ጊዜ ነው ማር የገዛሁ። ለልጄ ክርስትና የመጡ ጊዜ እዚሁ ጓዳ ቁጭ ብለን፣ ‹እሱ አፍንጫ የለውም፤ እኔ ከሞትኩ ከወይኑ ተጠንቀቂ› ብለውኛል።»

«እንዲህ አለችሽ?»

«እየሳቁ ነው ያሉኝ። ኋላ ግን አለቀሱ። ‹ሰው ቢያውቅበት ይሞትብኛል› አሉ።»

እንግዲህ ምስጢር ብዬ ሬሳ ሳጥኔ ድረስ ልይዘው ያሰብኩትን ነገር የቡሬ ጓዳ ከእኔ ቀድሞ ሲያውቀው ኖሯል።

ተካልኝን ጠራሁትና በርሜሉን ከግቢው ጀርባ ወዳለው ገደል አንከባለልነው። መክደኛውን ስንከፍተው ተካልኝ በመሐረቡ አፍንጫውን ያዘ። ወይኑ ድንጋዩን እያቀላ ወረደ። አንድ የቡሬ ውሻ ጠጋ ብሎ አሸተተና ጭራውን ቆልፎ ተመለሰ።

«ጋሼ፣ አሁን ይሁንና ልንገርዎት» አለ ተካልኝ። «እኔ ከጉደር ስንነሳ ጀምሮ ይሸተኝ ነበር። የዓባይን ቁልቁለት መስኮት ከፍቼ የነዳሁት ለንፋሱ አይደለም።»

«አንተ ርጉም! ታዲያ ምነው ዝም አልክ?»

«ታዲያ ሽማግሌን ‹ወይንዎ ሸተተ› ይባላል?»

እሑድ ተዝካሩ ወጣ። ካህናቱ፣ ባላገሩ፣ የከተማው ሰው ዳሱን ሞላው። የጥሩወርቅ ጠጅ በብርሌ ሲዞር ዳሱ ደስ አለው፤ ለሙት እንደሚሆን ያህል። የዓለሙን ኑዛዜ የሚያውቁ ሰዎች ግን በዐይናቸው ወይን ይፈልጋሉ፤ አንገታቸውን ወደ ጓዳ የሚያሰግጉም አሉ። አጠገቤ የተቀመጡት ከከተማ ወጣ ካለ የገጠር ደብር የመጡ ቄሰ ገበዝ ነበሩ፤ የቤተ ክርስቲያኑ ንብረት በእጃቸው ያለ ደቃቃ ካህን።

«እርስዎ የመጠጥ ሰው ነዎት» አሉኝ፣ ዳሱ እየሰማ። «ጠጁ እንዴት ነው? ዓለሙ ግን በወይን ብሎ አልነበር?»

ጥሩወርቅ ማንቆርቆሪያዋን ይዛ ቆመች። አንድ «ሸጋ ነው» ብል ይበቃ ነበር። ቀጥሎ ግን ወይኑ የት ገባ ሊባል ነው፤ ኑዛዜ አፈረሰች የሚለው ሐሜት በእሷ ላይ ሊወጣ ነው። ተነሳሁ።

«ጠጁን አላጣጥመውም» አልኩ። «ዓመታት አልፈዋል፤ አፍንጫዬም ምላሴም ሞተዋል። ቀማሼ ሚስቴ ነበረች፤ እሷም ሞተች። ለዓለሙ ያመጣሁት ወይን የተበላሸ ነበር። ትናንት ገደል ገብቷል። ኑዛዜውን ያፈረስኩት እኔ ነኝ፤ ይህች ሴት ክብሩን ጠብቃለች።»

ሊስቁብኝ ነው ብዬ ራሴን አዘጋጀሁ፤ ለመሳቅ እኔ ራሴ ቀዳሚ ነበርኩ። ቄሰ ገበዙ እጄን ስበው አስቀመጡኝ።

«ፍሬውስ?» አሉ።

«የቱ ፍሬ?»

«የወይኑ። ማሳዎ አለ አይደል? ያፈራል?»

«ያፈራል። ማፍራቱንማ ያለ እኔ ነው የሚያፈራው።»

«እንግዲያ ያድርቁትና ይላኩልን። መንገዱ ከተዘጋ ወዲህ ዘቢብ የሚያመጣልን የለም። ያለ ዘቢብ ቁርባን የለም። ክረምቱን ያለ ቅዳሴ የዋልንባቸው ሰንበታት አሉ። ከቀበርናቸውም ሰዎች ሥጋውን ደሙን ሳይቀበሉ ያለፉ አሉ።» ይህን ሲሉ ድምፃቸው ወረደ። «ዲያቆኑ በውሃ ዘፍዝፎ፣ በእጁ አሽቶ የሚጨምቀው ነው። አይጠመቅ፣ አይፍላ፣ አይቀመስ። ንጹሕ ይሁን እንጂ የእርስዎ አፍንጫ አያስፈልገንም።»

በጎጃም መሬት እንደዚያ ያለ ሸክም ያቀለለ ስድብ አልሰማሁም።

ስንመለስ በየደንበኛው ገባሁና ጠርሙሶቼን መልሱ አልኩ። ጌታሁን ዓርብ የተውኩለትን አንድም ሳይጎድል ከአልጋ ሥር አወጣልኝ፤ ለመመለስ የተዘጋጀ ይመስል በጋዜጣ ጠቅልሏቸዋል። ፈንቴ ግን ተሽኮረመመ። «ጋሼ፣ በቅሎዬ ኮርቻ ልጧት ነበር፤ ቁስሏን አጠብኩበት። ዝንቡን ሁሉ አባረረልኝ። ለዚያ ለዚያ ሸጋ ነበር» አለኝ። ጅጋ አጠገብ መኪናውን አስቁሜ አያ ምትኩን ፈለግሁ፤ አላገኘኋቸውም። አጫጆቹ ወደ ሌላ ማሳ አልፈዋል። ከኮረብታው ሥር የጠቆረው ቤት ብቻ እንደቆመ ነው።

ጉደር ስገባ ጎረቤቶቼ «እንኳን በደህና ገቡ» አሉ፤ በሕይወት መመለሴ ትንሽ ያስደነገጣቸውም አሉ። በጥር የበጋው ፍሬ ደረሰ። መጥመቂያዬን ዘግቼ ፍሬውን ግቢዬ ውስጥ በሰሌን ላይ አሰጣሁት። ቀን ቀን ከጎኑ በርጩማ ላይ ተቀምጬ ዱላ ይዤ እጠብቃለሁ። ገና ፀሐይ ስትሞቅ ወፎቹ ከየዛፉ ይወርዳሉ፤ አንዱን ሳባርር ሌላው ይቀጥፋል፣ ዱላዬን ሳነሳ ዘለው ይመለሳሉ። መጀመሪያ ተናድጄ ነበር። ኋላ ሳስበው ዱላዬን ጉልበቴ ላይ አጋድሜ ዝም ብዬ አየኋቸው፤ ቢያንስ ፍሬው ደህና ነው። ወፍ ይሉኝታ የላትም።